አረምን ስለ መንቀል

የተበላሸን ምድር የሚያቀና ሰው ከወዴት ሊጀምር ይገባዋል? ብዙዎች «ጥፋቱ ከበረታበት» ይላሉ። በአውስትራልያ፣ በሲድኒ ከተማ፣ በ1960ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ጆአንና አይሊን ብራድሊ የተባሉት እኅትማማች ግን ከደኅናው ስፍራ ጀመሩ። የአገሩ ቁጥቋጦ ካልጠፋበት ዳር ተነሥተው መጤውን አረም (እኛ የወፍ ቆሎ የምንለው ቁጥቋጦ ከዚያም ደርሷል) አፈሩን ሳያውኩ በእጅ ይነቅሉ ነበር። ባዶ መሬትን ቀድሞ የሚወርስ አረሙ ነውና ሰፊ ቦታ አይመነጥሩም ነበር። ዛሬም ያለ ደመወዝ የሚደክሙ የሰፈር ሰዎች ይህንኑ ፈለግ ይከተላሉ።

ታዲያ፣ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ከስንዴውና ከእንክርዳዱ ምሳሌ ጋር ይጋጫልን? ምሳሌው የተነገረው ስለ ሰው ነው፤ ቢሆንም የሥር መተሳሰር በሁለቱም ዘንድ አለ። በመኪና የሚመነጥር ሥራውን በአንድ ቀን ይጨርሳል፤ ከአረሙም ጋር ሊድን የሚችለውን ይቀብራል። እኅትማማቹ ግን የነቀላውን ፍጥነት የወሰኑት በነባሩ ቡቃያ ዕድገት ነው፤ ቡቃያው ከዘገየ እነርሱም ይቆማሉ።