የደነዘ ምላጭ በደል ነውን?

ሰው ለባልንጀራው በጎ ሊያደርግ ከልቡ ፈቅዶ ሳለ፥ በእጁ የያዘውን መሣሪያ አስቀድሞ ስላላዘጋጀ ቢጎዳው፥ በደለኛ ነውን? ወይስ ፈቃዱ ንጹሕ ስለ ሆነ ከወቀሳ ነጻ ነው? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ያገኘሁት ከአባቴ አገጭ ሥር ነው።

አባቴ በሕመማቸው መጨረሻ ወራት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለ ነበረ ጢማቸውን ራሳቸው መላጨት አልቻሉም። ምላጫቸው እንደ ሰንጢ ወደ እጀታው የሚታጠፍ፥ ከመታጠፊያው አጠገብ ዞሊንገን የሚል ጽሕፈት የተቀረጸበት የጀርመን ምላጭ ነበር። እኔም በዚያን ጊዜ ገና ከሴሚናሪ የወጣሁ ወጣት ነበርሁ፤ ለሰንበት ስብከቴ ሦስት ቀን እዘጋጅ ነበር፥ ለአባቴ ምላጭ ግን ሩብ ሰዓት አልነበረኝም። አንድ ቅዳሜ ማታ ውኃ አሙቄ፥ ሳሙናውን አረፋ አድርጌ በፍቅር ጀመርሁ። ምላጩ ጥቂት ከሄደ በኋላ ፀጉሩን መቁረጡን ትቶ ይጎትት ጀመር። ማቆም ሲገባኝ እጄን አከበድሁበት። ወዲያው ከአገጫቸው በታች ቆዳው ተቆረጠ፥ ደሙም በነጠላቸው ላይ ወረደ። አባቴም አልተቆጡም። «ልጄ፥ አንተ ክፉ አላሰብህም፤ ነገር ግን ወደ እኔ ከመምጣትህ በፊት ወደ ሞረዱ መሄድ ነበረብህ» አሉኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዐረፉ፤ ምላጩም በሣጥን ውስጥ ቀረ።

የደነዘ ምላጭ ከተሳለው ይልቅ አደገኛ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። የተሳለው በራሱ ክብደት ብቻ ያልፋል፥ እጅም ያርፋል። የደነዘው ግን የጎደለውን ስለት ከሰውየው ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት የገባበት እጅ ደግሞ ቢያዳልጠው የሚቆምበትን አያውቅም። የመጽሐፈ መክብብ ጸሐፊም በምዕራፍ 10 ስለ ደነዘ ብረት ሲናገር ይህንኑ አይቶ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነገሩን እንደ ገና የቀሰቀሰብኝ በሐርጌሳ ያገኘኋቸው አንድ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ለሥራ ወደዚያ ከሄዱት ኢትዮጵያውያን መካከል የታመመ ዘመድ ስለ ነበረኝ፥ ከጅጅጋ ተነሥቼ በቶጎ ውጫሌ በኩል ተሻገርሁ። በከተማይቱ መካከል አንድ ሚግ የጦር አውሮፕላን እንደ ሐውልት ከፍ ተደርጎ ቆሟል። በ1980 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ከሐርጌሳ ከራስዋ አየር ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን ደብድበዋልና፥ ሕዝቡ ያን ቀን እንዳይረሳ ያቆመው ነው። በዚያን ጊዜ እጅግ ብዙ ሰው በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ፤ በሐርታሼክም እስከ 1996 ዓ.ም. የቆየ፥ በአንድ ወቅት ከዓለም ታላላቅ የስደተኞች ሰፈሮች አንዱ የነበረ ሰፈር ተመሠረተ። ሽማግሌው ወጣት ሳሉ ከሸሹት አንዱ ነበሩ። አማርኛንም ምላጭንም የተማሩት በዚያ ነው። ዛሬ ጢማቸው በሂና ቀልቷል።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ወገኖቻችን በኦጋዴን በጦርነት ተላልቀዋል፤ እኔ ግን አንገቴን ቀና አድርጌ በእኚህ ሰው ወንበር ላይ ልቀመጥ ነበር። ገና ተራዬ ስላልደረሰ፥ የራሳቸውን ምላጭ ሲያበጁ ቁጭ ብዬ ተመለከትሁ።

ከጨርቅ ውስጥ ሁለት ድንጋይ አወጡ፤ አንዱ ቁጥር 1000፥ ሁለተኛው እንደ መስተዋት የለሰለሰው ቁጥር 8000 ነበር። ውኃ ካርከፈከፉ በኋላ ምላጩን አጋድመው ጀርባውም ስለቱም አንድነት ድንጋዩን እንዲነካ አደረጉ። የምላጩ ጀርባ እንዲወፍር የተደረገው ስለዚህ ነው፤ ስለቱ ድንጋዩን በትክክለኛው ማዕዘን እንዲያገኘው ጀርባው ይመራዋል። ጀርባውን ከፍ የሚያደርግ ችኩል ሰው ቶሎ የሳለ ይመስለዋል እንጂ ስለቱን ያበላሻል። በድንጋዩ ላይ ስለቱ ፊተኛ ሆኖ ይሄዳል። በጠፍሩ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጀርባው ይቀድማል፥ ስለቱ ይከተላል፤ ያለዚያ ጠፍሩ ይቆረጣል። ሲመልሱትም በጀርባው ያገላብጡታል እንጂ በስለቱ አያዞሩትም። ጠፍሩ ሊወጠር ይገባል፤ ከረገበ ወደ ላይ ታጥፎ ስለቱን ያዶለዱመዋል። በሐርጌሳ አቧራ አይጠፋምና፥ ጠፍሩን ሁልጊዜ ሸፍነው እንደሚያኖሩት ነገሩኝ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የሃምሳ ምልልስን ድካም ታፈርሳለች።

«ስንት ጊዜ ያሹታል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በጠፍሩ በየቀኑ ሃምሳ ጊዜ ያህል፤ በድንጋዩ ግን በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። ድንጋይ ብረት ይበላል፥ ዋላል» አሉኝ። ዋላል በእነርሱ ቋንቋ ወንድሜ ማለት ነው። ጠፍር የተንጋደደውን ጠርዝ ያቃናል፥ ያለሰልሳልም፤ ድንጋይ ግን ከብረቱ ይቀንሳል። የዕለቱን ሥራ በጠፍር የማይሠራ ሰው ዘወትር ወደ ድንጋይ ይሮጣል፥ ምላጩንም በጥቂት ዓመት ውስጥ ቀጭን ያደርገዋል። ከዚህም በኋላ ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግተው ድንጋዩን ራሱን ፈተጉት። ብዙ ያገለገለ ድንጋይ መካከሉ ይጎደጉዳል፥ በጎደጎደ ድንጋይም ቀጥ ያለ ስለት አይወጣም። ስለቱን የሚያቀናው ድንጋይ እሱ ራሱ መቅናት እንዳለበት ሲያስረዱኝ፥ ሰባኪ ነኝና ዓይኔን ወደ መሬት አደረግሁ።

ተራዬ ደረሰ። ያንን ድንቅ ምላጭ በአንገቴ ላይ እጠብቅ ነበር። ሽማግሌው ግን አጥፈው በመሳቢያ ቆለፉበትና ሌላ እጀታ አነሡ፤ አዲስ ስስ ምላጭ ከነወረቀቱ ለሁለት ሰብረው ግማሹን ሰኩበት። ቅር እንዳለኝ ገብቷቸው፥ «ያኛው የእኔን ደም ብቻ ያውቃል» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ ከሰው አካል ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ለዓይን የማትታይ የደም ጠብታም ታስተላልፈዋለች። ምላጩን በጨርቅ መጥረግ፥ በጠፍርም ማሸት አያነጻውም፤ እንዲያውም የአንዱ ደም በጠፍሩ በኩል ወደ ሌላው ሊደርስ ይችላል። አሜሪካዊው ኪንግ ጂሌት በ1904 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኘበትን፥ ሰው ተጠቅሞ የሚጥለውን ስስ ምላጭ እኔ እስከዚያ ቀን የስንፍና ልጅ አድርጌ እቆጥረው ነበር። እኚህ ሰው ግን በሠላሳ ዓመት ትጋት ያገኙትን ጥበብ ለእንግዳው ደኅንነት ሲሉ በመሳቢያ ቆለፉበት፤ በርካሹም ምላጭ ላጩኝ።

አንባቢዬ ሆይ፥ ይህ ጥያቄዬን ይበልጥ አከበደብኝ። ለመሣሪያ መትጋት ብቻውን ፍቅር ቢሆን ኖሮ፥ ሽማግሌው የሚመኩበትን ስለት በእኔ ላይ ባሳዩ ነበር። የራሱን ስለት ከባልንጀራው አብልጦ የሚወድ ሰው አለ፤ በእኛም መካከል በሚገባ የተዘጋጀ ስብከቱን ላዘነ ሰው ሁሉ የሚያቀርብ፥ የሰሚው ቁስል ምን እንደሚሻ ግን የማይጠይቅ አይታጣም። ሆኖም ከዚህ ተነሥቼ ትጋት ከንቱ ነው ልል አልችልም፤ የአባቴን ደም አይቻለሁና።

አንዳንድ ሰው፥ «ሳያስቡት የሆነ ነገር አደጋ እንጂ በደል አይደለም» ይላል። ያን ቅዳሜ ማታ ብቻ ብንመለከት ልክ ነው፤ እጄ ባዳለጠበት ቅጽበት ክፉ ፈቃድ አልነበረብኝም። ነገር ግን በደሌ በዚያ ቅጽበት አልተሠራም። ምላጩ ካለበት ሣጥን አጠገብ እያለፍሁ፥ «ነገ» ባልሁባቸው ምሽቶች ተሠርቶ አልቆ ነበር። ሌላው ደግሞ፥ «እንግዲያስ ሁሉን አስቀድሞ ማዘጋጀት የሚችል ማን ነው?» ይለኝ ይሆናል። ሁሉን አልልም። በሌላ ሰው ቆዳ ላይ እንደማሳርፈው የማውቀውን ግን ማለቴ ነው፤ ያን አለማወቅ አልችልም ነበር።

ከወንበሩ ስነሣ፥ ዝገት የያዘው ምላጭ ሊድን ይችል እንደ ሆነ ጠየቅሁ። «ዝገቱ የት ነው?» አሉ። ጀርባውን ከያዘ ተወው፤ ስለቱን ከበላ ግን ደኅናው ብረት እስኪገኝ በቁጥር 1000 ላይ መፈተግ ነው፥ ምላጩም ይጠብባል አሉኝ። ከዚያም የማን እንደ ሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። የላጩኝን ዋጋ አልቀበልም ቢሉም ግድ አልኋቸው።

ወደ ቤቴ ስመለስ ሣጥኑን ከፈትሁ። ዝገቱ ስለቱን ይዟል። ድንጋይ ገዝቼ አራት ምሽት ሠራሁበት፤ ወደ ጫፉ አጠገብ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ስንጥቅ ግን ገና አልጠፋችም።