ቤቱ የማን ነው?

በአማርኛ «ቤት» የሚለው ቃል ሥራ የበዛበት ቃል ነው። እንጨትና ጭቃውን ቤት እንለዋለን፤ በውስጡ የሚኖረውንም ሰው ቤት እንለዋለን። ደጅ ቆመን «ቤቶች!» ብለን የምንጣራው ግድግዳውን አይደለም። ገጣሚው ስንኙ ቤት አልመታ ሲለው ይጨነቃል። የቆሎ ተማሪውም «ቅኔ ቤት ገባሁ» ሲል የገባው የግድ ጣሪያ ያለው ነገር ውስጥ አይደለም፤ ዛፍ ጥላ ሥር መሬት ላይ ተቀምጦም ቅኔ ቤት ገብቷል። መምህሩ ሞተው ወንበሩን የሚተካ ከጠፋ ደግሞ ጎጆዎቹ ሁሉ እንደቆሙ «ቤቱ ተዘጋ» ይባላል። የጥንቶቹ በዚህ ነገር ብዙም አልተቸገሩም፤ ለነሱ ቤት ማለት የሚሠራበት ሥራ ነበር።

ይሄ አስተሳሰብ ደስ ይለኛል። ግን ቴአትር ቤት ደጃፍ ላይ ሲደርስ ይቸግረኛል። ለምን እንደሚቸግረኝ ልንገራችሁ።

ሀገር ፍቅርን እንውሰድ። በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ እየቀረበ ሳለ በአቶ መኮንን ሀብተወልድ መሪነት ሲመሠረት ቴአትር ቤት አልነበረም፤ ማኅበር ነበር። ሥራው ሕዝቡን ሰብስቦ ስለ አገሩ መንገር ነው። መቼስ ሰው ንግግር ብቻ ሲሰማ ይሰለቻል። ስለዚህ በንግግሩ መሐል ክራርና ማሲንቆ ገባ፣ ዘፈን ገባ፣ ቀስ በቀስ ጨዋታው ራሱ ዋና ጉዳይ ሆነ። (ዛሬ ስብሰባ የሚጠሩ ሰዎች ይቺን ብልሃት ቢማሩ ለሁላችንም ደግ ነበር።) በወረራው ዘመን ተዘጋ፤ ከነፃነት በኋላ እንደገና ተከፈተ። እዚህ ድረስ የቅኔ ቤቱ ምሳሌ ይሠራል፤ መጀመሪያ የመጣው ማኅበሩ ነው፣ አዳራሹ በኋላ ነው።

ግን ደግሞ የጥላሁን ገሠሠን ታሪክ አስቡ። ወሊሶ ተማሪ ሳለ የሀገር ፍቅር ባለሙያዎች እዚያ ሄደው ሲጫወቱ አየ። ከዚያ ወዲያ ልቡ ከትምህርቱ ጋር አልቀረም። በእግሩ ተነሥቶ ቱሉ ቦሎ ሲደርስ ዘመድ መለሰው። እንደገና ጠፍቶ አዲስ አበባ ገባና ሀገር ፍቅር ተቀጠረ። አንድ ልጅ ከቤቱ ሲጠፋ እኮ ወደ «ኪነ ጥበብ» አይጠፋም። ሰው ጠይቆ ሊደርስበት ወደሚችል በር ነው የሚጠፋው። ያ በር ባይኖር ያ ድምፅ የት ይደርስ እንደነበር እንጃ።

ስለዚህ «ዋናው ሙያው ነው፤ ግድግዳ ምን ይሠራል? ሌላ ቦታ ከዚህ የተሻለ አዳራሽ እንሠራላችኋለን» የሚለውን ሰው ስሰማ ቀልቤ ይነሣል። የቅኔ ቤቱ ጥበብ በአፍራሹ አፍ ሲነገር ሌላ ነገር ይሆናል። የቅኔ ተማሪው ጎጆውን ትቶ የሚሄደው መምህሩን ተከትሎ ነው፤ ዶዘር ሸሽቶ አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና በዙሪያው ያሉ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል። ፍርዴ እንዳይዛባ ልናገር፤ ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል፣ አንድ ሽንት ቤት ለስንት አባወራ እየተጋሩ የኖሩ ሰዎችን «ቅርስ ነውና ኑሩበት» ማለት ግፍ ነው። ይህን የሚለው ብዙ ጊዜ ራሱ የማይኖርበት ሰው ነው። ግን ቴአትር ቤት ከተመልካቹ ተለይቶ አይቆጠርም። እሁድ ከሰዓት በኋላ ልጁን ይዞ በእግሩ ይመጣ የነበረው ሰው ሁለት ታክሲ የሚያሳፍር መንገድ ርቆ ከሄደ፣ አዳራሹ አንድ ድንጋይ ሳይነቀል እንዳለ ቢቆም እንኳ ግማሹ ፈርሷል።

በሌላው ጫፍ ያለው ሰውም አያስደስተኝም። እሱ ግድግዳውን አጥብቆ ይወዳል፤ ቀለሙ እንዳይለወጥ፣ በሩ እንዳይነካ፣ ከተቻለም ማንም እንዳይገባበት ይፈልጋል። ለሱ መልስ የሚሆነው ብሔራዊ ቴአትር ነው። ሕንፃውን ጣልያኖች «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው ጀምረውት ሳይጨርሱት ወጡ። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተመረቀ። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ ብሔራዊ ሆነ። እንግዲህ የድንጋዩ ትርጉም በድንጋዩ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ያንን ቤት ገና ዱሮ ማፍረስ ነበረብን፤ ወራሪ የጀመረው ነውና። እኛ ግን ጨርሰን ተጫወትንበት። የምረቃው ተውኔት ደግሞ የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ንጉሥ የወታደሩን ሚስት ወስዶ ወታደሩን ያስገደለበትን ታሪክ ለንጉሥ ኢዮቤልዩ ማቅረብ! ምን ታስቦ እንደተመረጠ ባላውቅም፣ መድረክ የባለቤቱን ስም ተሸክሞም የራሱን እንደሚናገር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም።

ታዲያ ቤቱ የማን ነው? የጀመረው ተባሯል፣ ስሙን የሰጠው አልፏል፣ ስሙን የለወጠውም አልፏል። «የሕዝብ ነው» ብሎ መገላገል ይቻል ነበር፤ ግን በኛ አገር የሕዝብ ነው የተባለ ነገር ቁልፉ ሁልጊዜ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። እኔ የምለው፣ ቤቱ ገና ያልመጣው ልጅ ነው። እኛ አደራ ጠባቂዎች ነን፤ አደራ ጠባቂ ደግሞ አደራውን መብላትም ሆነ ቀብሮ ማስቀመጥ አይፈቀድለትም። ለሞቱት ባለሙያዎች ውለታቸውን ልንከፍላቸው አንችልም፤ የሚከፈለው ለሚመጣው ነው።

የሚመጣው ልጅ ደግሞ የታወቀ ነው። ስንቱ የአማተር ክበብ በቀበሌ አዳራሽ፣ ስብሰባ በሌለበት ሰዓት፣ ወንበር እየገፋ ተለማምዶ ያደገ ነው። ስብሰባ ሲጠራ ልምምዱ ይበተናል። ስለዚህ አንድ አሮጌ ቴአትር ቤት ሊታደስ ነው፣ ወይም ፈርሶ በአዲስ ሊተካ ነው ሲባል ንድፉን ከማየቴ በፊት የምጠይቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመግቢያው ዋጋ ስንት ይሆናል? ማክሰኞ ጠዋት መድረኩ ባዶ ሲውል፣ ከሰፈር የመጡ ስድስት ልጆች በር ቢያንኳኩ ጥበቃው ምን እንዲላቸው ነው የታዘዘው?