«ኢንፍላመብል» ይቃጠላል

ጋራዥና ብየዳ ቤት ለምትገቡ ልጆቼ ከመዶሻና ከመጋዙ በፊት አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል ላስይዛችሁ። በበርሜልና በቀለም ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ኢንፍላመብል ይላል። እሳት ቶሎ የሚይዘው ማለት ነው።

በዚህ ቃል የሚታለለው ደግሞ ጎበዝ ተማሪ የነበረው ልጅ ነው። «ኢን» ከፊት ሲመጣ ቃሉን ያፈርሰዋል ተብሎ ተምሯላ! ኢንቪዝብል የማይታይ፣ ኢንኮሬክት ትክክል ያልሆነ። እንግዲያው ይህም አይቃጠልም ማለት ነው ብሎ እሳት ይዞ ይጠጋል። እዚህ ያለው «ኢን» ግን ሌላ ነው፤ ከላቲን የመጣና ወደ ውስጥ መግባትን የሚያመለክት ነው። ሐኪሞች ቁስል ሲቆጣ ኢንፍላሜሽን የሚሉትም ከዚያው ሥር የወጣ ነው። ስለዚህ ፍላመብልና ኢንፍላመብል ትርጉማቸው አንድ ነው። አይቃጠልም ለማለት ኖን ፍላመብል ተብሎ ይጻፋል።

ስህተቱ የእኛ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ «ኢን» የሌለበት ቃል እንዲጻፍ መወትወት የጀመረው የገዛ አገሩ ሰው እንዳይሳሳት ሰግቶ ነው። ፈረንሳይኛ ግን እስከ ዛሬ ነባሩን ቃል ይጽፋል፤ አሮጌ በርሜልም እንደዚያው። ቃሉ ካደናገራችሁ ቀዩን ባለ ነበልባል ምልክት ፈልጉ፤ በነዳጅ ቦቴ ላይ ከሥሩ 3 ቁጥር አለበት።

ከዚህ የሚብሰኝ ሌላው ቅጽል ኤምፕቲ ነው፤ ባዶ። በቋንቋ ጥናቱ ስሙ የሚነሳው ቤንጃሚን ሊ ዎርፍ እንጀራው የእሳት መድን ነበር፤ ሃርትፎርድ ከተማ በሚገኝ ኩባንያ የአደጋ መንስኤ ይመረምር ነበር። ሠራተኞች ሙሉ የቤንዚን በርሜል አጠገብ እንደሚጠነቀቁ፣ «ባዶ» የተባለው አጠገብ ግን ሲጋራ እንደሚያጨሱ ጽፏል። የሚያስፈራው ደግሞ ባዶው ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳልና በርሜሉ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ከበርሜሉ አየር ውስጥ ከመቶ 1.4 እስከ 7.6 እጁ ትነት ከሆነ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ሙሉው በርሜል ውስጥ ከትነቱ ጋር የሚቀላቀል በቂ አየር የለም።

ምናለሽ ተራ በርሜል ተቆርጦ ምድጃም ሳጥንም ይሆናል። ስንቱ ቤተሰብ የሚበላበት የተከበረ ሥራ ነው፤ ተዉት አልልም። ግን ምን ተይዞበት እንደነበር ሳትጠይቁ መበየጃ አታስጠጉ። ክዳኑን ክፈቱ፣ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ከምትቆርጡበት ቦታ ሥር እስኪደርስ ውኃ ሙሉበት። በአፍንጫ አትፈትኑ፤ ሽታው ጠፍቶ ትነቱ ሊኖር ይችላል። ምን እንደያዘ የሚያውቅ ሰው ካጣችሁ አደራ አትቁረጡት፤ የዚያ በርሜል ገንዘብ ይቅርባችሁ።