የተኛን ሰው የመቀስቀስ ግዴታ
ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ጎርፉ የደረሰባቸው በተኙበት ነበር። ክረምቱ ረጅም በሆነባት አሶሳና በመላው ቤንሻንጉል ጉሙዝም ጥያቄው ይነሣል፦ ሞት የፈጣሪ ቀጠሮ ከሆነ፣ በሌሊት ማስጠንቀቅ ከእምነት ጋር ይጋጫል? አይጋጭም እላለሁ። የክልሉ ሙስሊምም ክርስቲያንም የሚያከብረው ኖኅ መርከቡን የሠራው በፈጣሪ ስለታመነ ነው። «ቀኑ ከደረሰ ማን ያመልጣል?» የሚል ሰው፣ የጎረቤቱ ቀን መድረሱን በምን አወቀ? ይህ ቃል ለሐዘንተኛ መጽናኛ ነው፤ አደጋው ሳይደርስ ሲነገር ግን የዝምታ ማመካኛ ይሆናል።

የሚከብደው ተቃውሞ የማስጠንቀቂያ ሳይረን ለተኛ ሰው አይሰማም የሚለው ነው። እውነት አለው፤ ቶርኔዶ በሚበዛባት አሜሪካ እንኳ ሳይረን በዋነኛነት የሚተከለው ደጅ ላለ ሰው ነው። ዶፍ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲደበድብ የመስጊድ ድምፅ ማጉያም የቤተ ክርስቲያን ደወልም ሊዋጥ ይችላል። ታዲያ ግዴታው ከመሣሪያው ወደ ሰሚው ይሻገራል እንጂ አይሻርም፤ የሰማ በር እያንኳኳ ይዙር፣ በበርታኛም በጉሙዝኛም በሺናሽኛም ይጣራ። ከንቱ ማስጠንቀቂያ ሲደጋገም ሰው ይሰለቻል ለሚሉትም፣ መፍትሔው ትንበያው ለምን እንዳልሠመረ በማግስቱ ለሕዝቡ በግልጽ መንገር ነው።