ከበሩ ሽፋን በስተጀርባ

ማንም የማያየውን ሥራ አስተካክሎ የመሥራት ግዴታ ከየት ይመጣል? ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ፣ በሁለተኛው ክፍል፣ ይህንኑ ጥያቄ በጊጌስ ቀለበት ተረት አንስቶታል። ቀለበቱን ያጠለቀ እረኛ ከሰው ዓይን ይሰወራል። የማይታይ ሰው ታዲያ ስለምን ቅን ይሆናል? እኛ ለዛሬ ቀለበቱን ትተን ወደ ጋራዥ እንውረድ። አሮጌ የጭነት መኪና በር ውስጥ የገባ እጅም ከዓይን የተሰወረ ነውና።

በአገራችን «ኤንትሬ» እየተባለ የሚጠራውን መኪና አስቡ። የዚህ መኪና ዘር የሆነው ፊያት 682 መሠራት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን በመሳሰሉ ዕድሜ ጠገብ መኪናዎች በብዙዎቹ ላይ የመስታወት ማንሻው አሠራር ቀላል ነው። እጀታው ሲዞር ትንሿ ጥርስ ትዞራለች፤ እርሷም ከፊል ክብ ሆኖ የተቆረጠውን ጥርሳም ላሜራ ትገፋለች፤ ከላሜራው ጋር የተያያዘው ክንድ መስታወቱን ይሸከማል። አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ ሞላም አለ። የመስታወቱን ክብደት ተካፍሎ የሾፌሩን ጉልበት ይቆጥባል።

አደጋው ታዲያ እዚሁ ደግነቱ ላይ ነው። መስታወቱ ሲነሳለት ሞላው የሚሸከመውን ያጣል፤ ጉልበቱ ግን አብሮት አለ። ጥርሷን ዝም ብሎ የፈታ ሰው፣ ክንዱ እንደ መቀስ ተወርውሮ ጣቱን ሊቆርጠው ይችላል። መከላከያው ከባድ አይደለም። አስቀድሞ መስታወቱን ወደ ላይ አንስቶ መደገፍና ማሰር፤ የበሩ የውስጥ ላሜራ ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሆነ ጓንት ማድረግ፤ ዓይንን በመነጽር መከለል፤ ማንሻው ከወጣ በኋላ ጥርሳሙን ላሜራና መደቡን አንድ ላይ ቀድዶ በብሎንና በዳዶ ማሰር። ጥርሷም ሆነች ሞላው የሚነኩት ከዚያ ወዲያ ነው።

«ይኼ እኮ ራስን መጠበቅ ነው፤ ከግብረ ገብ ጋር ምን አገናኘው?» የሚለን ጓደኛ አይጠፋም። እጁ የአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ተቃውሞው ያስኬድ ነበር። ነገር ግን በጠባቧ ቀዳዳ የሚገባው ብዙ ጊዜ የልጅ እግሩ ረዳት ቀጭን እጅ ነው። «እጅህን ስደድ!» ይባላል፤ ይሰዳል። ሞላው መወጠሩን ያልነገሩት ልጅ ፈቅዶ ገባ ማለት እንችላለን? አንችልም። የማያውቁትን አደጋ መፍቀድ አይቻልምና። ካንት ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትቁጠሩ ያለው ነገር እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ ልጁ ከፒንሳና ከካቻቢቴ ተራ ተሰልፏል።

ሌላም እጅ አለ፤ ገና ያልመጣው። የተሰበረውን ሞላ በሽቦ አስረን፣ መስታወቱን በቁራጭ እንጨት ወጥረን ሽፋኑን ብንዘጋው ባለቤቱ መስኮቱ ተዘጋለት፤ ከፍሎም ሄደ። ከዓመታት በኋላ በሩን የሚከፍተው መካኒክ ግን ወጥመድ ይጠብቀዋል። እርሱ አያውቀንም፤ ሊያመሰግነንም ሊከሰንም አይችልም። «ማን ይናገር የነበረ፤ ማን ያርዳ የቀበረ» ይባል የለ? ውስጥ ያለውን የሚያውቀው ሽፋኑን የዘጋው ነው። እንግዲህ ከሽፋኑ ጀርባ በቀለም «ሞላው ተወጥሯል» ብሎ መጻፍ ለማናውቀው ሰው የምንከፍለው ዕዳ ነው።

መካኒኩን ብቻ መውቀስም ፍርደ ገምድልነት ይሆንብናል። ሾፌሩ ያቻኩለዋል፤ ሾፌሩን ባለጭነቱ ያቻኩለዋል፤ ባለጭነቱን ገበያው። በርካሽና ቶሎ ይለቅልኝ የሚል ሁሉ፣ እጁን ባያስገባም፣ ለዚያች ጣት ተጠያቂ ነው። የድሃ ጥድፊያ ይገባናል፤ የተጣደፈው ግን የሌላውን ድሃ ጣት መያዣ አድርጎ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ ለጊጌስ ያለን መልስ ይህ ነው፦ «ማን ያየኛል?» ብሎ የሚጀምር ሰው መቼም ቢሆን ቀዳዳ አያጣም። «ከእኔ በኋላ የማን እጅ ይገባል?» ያለ ግን ጨለማ ውስጥም ሕግ አለው። እኛም ነገ ፋይል እንዘጋለን፤ ደንብ እናረቃለን፤ ለልጆች መማሪያ እንጽፋለን። በየሽፋኑ ውስጥ የተወጠረ ሞላ ትተን እንዳንሄድ ከአሁኑ እንነጋገርበት።