ብርሃኑ የእኛ አይደለም



ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በደጃፋችን ቆመን ወደ ሰማይ ቀና ብንል፥ ከከዋክብት መካከል አንዲት ነጥብ በጸጥታ ስትጓዝ እናያለን። ይህች የሰው እጅ የሠራት ሳተላይት ናት። በዓይናችን የምናየው ብርሃን የራስዋ አይደለም። ለእኛ የጠለቀችው ፀሐይ በዚያ ከፍታ ገና አልጠለቀችምና፥ ሳተላይቲቱ ከፀሐይ የተቀበለችውን ወደ እኛ ትመልሳለች። ወደ ምድር ጥላ በገባች ጊዜ ግን በሰማይ መካከል ሳለች ከዓይናችን ትሰወራለች።

በብልጭታቸው እጅግ የታወቁት ኢሪዲየም የተባሉት ሳተላይቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ወደ ሰማይ ተላኩ፤ 66ቱም በ780 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ምድርን እየዞሩ፥ የስልክ መስመር ባልደረሰበት በረሃና ባሕር ያሉትን ሰዎች ድምፅ ያደርሱ ነበር። እያንዳንዷ ሳተላይት የበር ጠፍጣፋ የሚያህሉ ሦስት አንጸባራቂ አንቴናዎች ነበሯት። ከእነዚህ አንዱ የፀሐይን ብርሃን እንደ መስታወት ወደ ተመልካቹ ሲመልስ፥ ደብዛዛዋ ነጥብ ለጥቂት ሰከንዶች ከአጥቢያ ኮከብ በብዙ እጥፍ ደምቃ ታበራና መልሳ ትደበዝዛለች። ብዙዎች ሰዓቱን በስሌት አስቀድመው እያወቁ ይህን ለማየት ከቤታቸው ይወጡ ነበር። ሆኖም ድምቀቱን በሙላት የሚያየው ነጸብራቁ በሚያርፍበት ጠባብ ስፍራ የቆመ ብቻ ነው። ከዚያ ርቆ የቆመ ሰው ያችኑ ሳተላይት በዚያችው ሰዓት እያየ ይህን ያህል ድምቀት አያይም።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ከዚህ ምን እንማራለን? በመጀመሪያ፥ ብርሃኑ የእኛ አለመሆኑን እንማራለን። መጥምቁ ዮሐንስ ስለ ብርሃን ሊመሰክር መጣ እንጂ እርሱ ራሱ ብርሃን እንዳልነበረ ወንጌል ይነግረናል (ዮሐ. 1፥8)። የጥንት አባቶችም ቤተ ክርስቲያንን ከፀሐይ ብርሃን በምትቀበል ጨረቃ መስለዋታል። ፊቱን ከክርስቶስ ያዞረ መምህር፥ ዕውቀቱ ቢበዛም፥ በጥላ ውስጥ እንዳለች ሳተላይት ነው።

ሁለተኛውም ከዚህ የጠለቀ ነው። እነዚያ ሳተላይቶች የተላኩት ለብልጭታው አልነበረም፤ የተላኩት ድምፅ ለማድረስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 በአዲሶች ሲተኩ፥ የአዲሶቹ አሠራር የተለየ በመሆኑ ያ የታወቀው ብልጭታ ቀረ። የሰማይ ተመልካቾች አዘኑ፤ በባሕር መካከል ያለው መርከበኛ ግን ወደ ቤቱ መደወሉን አላቋረጠም።

በየቁምስናችን፥ «ይህን ያህል ዓመት አስተማርሁ፤ ማን አየልኝ? ማንስ አመሰገነኝ?» እያለ በልቡ የሚያዝን ካቴኪስት አይታጣም። አንዳንዱም በዚህ ኀዘን አገልግሎቱን ይተዋል። እርሱ ሲተው ግን የሚጎድለው ምስጋናው ብቻ አይደለም፤ ቃሉን የሚጠብቁ ሕፃናትም አሉ። ስለዚህ እያንዳንዳችን ልባችንን እንመርምር፦ የሚያሳዝነን ብልጭታችን አለመታየቱ ነው ወይስ ቃሉ አለመድረሱ? ሙሴ ከሲና ተራራ ሲወርድ ፊቱ እንደሚያበራ ራሱ አላወቀም ነበር (ዘፀ. 34፥29)፤ ያወቁት ሕዝቡ ናቸው። በማታ ልጆችዋን ማማተብ የምታስተምር እናትም ብርሃንዋ ለማን እንደ ደረሰ አታውቅ ይሆናል፤ እግዚአብሔር ግን ያውቀዋል።

እንግዲህ ካቴኪስቶች ሆይ፥ ሰማዩ በጠራበት በአንዱ ምሽት ልጆቹን ወደ ውጭ አውጡና ያችን ተጓዥ ነጥብ አሳዩአቸው። ብርሃንዋ ከወዴት እንደ መጣ ጠይቋቸው። ከዚያም ይህንኑ ጥያቄ ስለ ራሳችሁ በጸሎት ጠይቁ።

የእውነተኛው ብርሃን ባለቤት ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ፥ ብንታይም ባንታይም፥ በተላክንበት መንገድ ያጽናን። አሜን።