ማደስና መቀባት

በሰው እጅ የተሠራ ነገር ሁሉ ያረጃል። ያረጀውን አንሥቶ እንደገና ለሥራ ማብቃት ግን ጥበብና ትዕግሥት የሚጠይቅ ስለ ሆነ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ በሚባለው ስፍራ የሚመላለስ ሰው ይህን በዐይኑ ያያል። ከአንድ ድርጅት ተሰናብቶ የወጣ የብየዳ መኪና፥ ኩሽኔታው ያለቀ መሰርሰሪያ፥ ሞተሩ የተቃጠለ መጋዝ በባለሙያ እጅ ገብተው ይፈታሉ፥ ይጸዳሉ፥ ይጠገናሉ፤ ከዚያም ለሌላ ቤተሰብ የእንጀራ ምንጭ ይሆናሉ። አዲሱን ለመግዛት አቅም ያነሰው ወጣት ብዙ ጊዜ ሥራ የሚጀምረው በእንዲህ ያለው መሣሪያ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፦ አሮጌ መሣሪያ አድሶ የሚሸጥ ሰው፥ ገዢው ያልጠየቀውንና በዐይን የማይታየውን ጉድለት የመናገር ግዴታ አለበትን? ደግሞስ አሮጌውን የሚገዛው ባለሙያ፥ ሻጩ የማያውቀውን ዋጋ የመግለጥ ግዴታ አለበትን?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከጌታችን ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ሰው ተግባር በጻፈው መጽሐፍ ሁለት ፈላስፎችን በዚሁ ነገር ያከራክራል። ባቢሎናዊው ዲዮጋንስ፥ ሻጭ ሕግ ያዘዘውን ያህል ከተናገረና ካልዋሸ፥ ከዚያ በላይ ዝም ማለቱ እንደ መደበቅ አይቈጠርም ይል ነበር። ደቀ መዝሙሩ የጠርሴሱ አንቲጳጥሮስ ግን፥ ሻጭ የሚያውቀውን ሁሉ ሳይገልጥ ሊሸጥ አይገባውም ብሎ ተከራከረ። ሲሴሮም ለደቀ መዝሙሩ ፈረደ። ወንጌልን ያልሰሙ ሰዎች በተፈጥሮ ሕሊናቸው እስከዚህ ከደረሱ፥ በጥምቀት የከበርን እኛ ከዚህ አንሰን ልንገኝ አይገባም። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለሸጠው ነገር ጉድለት ኀላፊ ያደርገዋል። ዳሩ ግን ዳኛ የሚፈርደው ክስ ሲቀርብና ማስረጃ ሲገኝ ነው፤ ሕሊና ግን ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቃል።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን የብየዳውን መኪና እንመልከት። በተለመደው ባለ ትራንስፎርመር መኪና ውስጥ፥ በብረት እምብርት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ። የመጀመሪያው 220 ወይም 380 ቮልት የሆነውን የመስመር ኤሌክትሪክ ይቀበላል፤ ሁለተኛው ቮልቱን ከ50 እስከ 80 ወደሚሆን ዝቅ አድርጎ፥ አምፔሩን ግን ወደ መቶና ከዚያም በላይ ከፍ አድርጎ ለበያጁ ይሰጠዋል። ጥቅሎቹን እርስ በርሳቸውና ከመኪናው ገላ የሚለያቸው ቫርኒሽና ሌላም ማገጃ ነው። ይህም ማገጃ በብዙ ዓመት ሙቀት ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል፤ እርጥበትና የብረት ብናኝም ይገባበታል። በዚያን ጊዜ የመስመሩ ኃይል ወደ መኪናው ገላ ሊያመልጥ ይችላል፤ የመሬቱ ሽቦ ተቈርጦ እንደ ሆነም መኪናውን የነካ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ይህ ጉድለት በዐይን ብቻ አይታወቅም፤ ለማወቅ የማገጃ መለኪያ ያስፈልጋል። ቀለም ግን የሚቀባው ከውጭ ነው።

እንደዚሁም ብረት የሚሳልበትን ተሽከርካሪ ድንጋይ እናስብ። ሞተሩ በደቂቃ ወደ 3000 ጊዜ በሚጠጋ ፍጥነት ቢያዞረው፥ የተሰነጠቀ ድንጋይ ፈንድቶ እንደ ጥይት ሊወረወር ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ድንጋዩን ከመግጠሙ በፊት አንጠልጥሎ በእንጨት እጀታ ቀስ ብሎ ይመታዋል። ደኅናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል። በገጠር አድባራት የድንጋይ ደወል ሲመታ ሰምቶ ያደገ ሰው ይህን ልዩነት ለመለየት አይቸገርም።

አሁን አንድ ወጣት የእቁብ ዕጣ ወጥቶለት፥ በዚያው ገንዘብ የመጀመሪያውን የብየዳ መኪና ሊገዛ መጣ እንበል። መኪናው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ያበራል። ወጣቱም ሻጩን፦ «አባባ፥ ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩም አስነሥቶ ብልጭታውን ያሳየውና፦ «ይኸው ልጄ፥ አየኸው» ይለዋል። ቃሉ ሐሰት የለበትም፤ መኪናው በእርግጥ ሠርቷል። ነገር ግን ሻጩ የመሬቱ ሽቦ እንደ ተቈረጠና ማገጃው እንደ ተበላ ያውቃል። ይህ ሰው ዋሸ ወይስ አልዋሸም?

ሻጩ እንዲህ ብሎ ሊከራከር ይችላል፦ «ገዢው ዐይን አለው፥ ይመርምር። እኔም የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ፤ ጉድለቱን ሁሉ ብናገር ማን ይገዛኛል?» ይህን ክርክር በንቀት ማለፍ አይገባንም፤ ድህነት የሚያስጨንቀው ሰው ቃል ነውና። እውነት የተናገረ ነጋዴም ሁልጊዜ ያተርፋል ብለን አንሸነግለውም፤ አንዳንድ ጊዜ ይከስራል። ነገር ግን የከሰረው ምን እንደ ሆነ ይመርምር። ደኅና መኪና የሚያወጣው ዋጋ የደኅንነቱ ዋጋ ነው፤ ደኅንነቱ በመኪናው ውስጥ ከሌለ፥ ሻጩ ያጣው ገንዘብ ቀድሞውንም የእርሱ አልነበረም። ዝም ብሎ ቢቀበለው ግን፥ ዋጋውን የሚከፍለው የወጣቱ ነፍስ ሊሆን ይችላል።

ደግሞም ዝምታው ዝምታ ብቻ አይደለም። ብረት እንዳይዝግ ቀለም መቀባት መልካም ነው፤ ስንጥቁ እንዳይታይ መቀባት ግን በብሩሽ የተነገረ ሐሰት ነው። በሙሴ ሕግ ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፥ በውስጡ ለወደቀው እንስሳ ዕዳ ከፋይ ነበር፤ አዲስ ቤት የሚሠራውም ከሰገነቱ ላይ ሰው እንዳይወድቅ መከታ እንዲያደርግ ታዝዞአል። ለማያውቀው አላፊ አግዳሚ ይህን ያህል መጠንቀቅ ከተገባ፥ ፊት ለፊት ቆሞ «አባባ» ብሎ ለሚጠይቅማ እንዴት ይልቅ አይገባም?

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ገዢውን የሚመለከት ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት የባሏን የሥራ ቤት ዕቃ ልትሸጥ ፈለገች እንበል። ባለሙያው ገብቶ ሲያይ፥ በማእዘን የተቀመጠው አሮጌ የብየዳ መኪና ጥቅሉ ንጹሕ መዳብ፥ ማገጃውም ገና ደኅና መሆኑን ዐወቀ። እርሷ ግን፦ «ይህ ብረት ስንት ያወጣል?» አለችው። የቍርጥራጭ ብረት ዋጋ ነግሮ ቢወስደው በደለ ወይስ አልበደለም?

ባለሙያ በዕውቀቱ ማትረፉ ነውር አይደለም፤ ዕውቀቱም የብዙ ዓመት ድካም ፍሬ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን በዚህ እንለየው፦ መኪናው በእርግጥ የሞተ ከሆነና በባለሙያው ሌሊትና ቀን ድካም ነፍስ የሚዘራ ከሆነ፥ የተጨመረው ዋጋ የእርሱ ነው። እጁ ከመንካቱ በፊት የነበረው ዋጋ ግን የእርሷ ነው። በሕይወት ያለውን መኪና ሞቷል ብሎ የገዛ፥ የሙያውን ዋጋ አልተቀበለም፤ የመበለቲቱን ርስት ወሰደ እንጂ። ይልቁንም «ስንት ያወጣል?» ብላ ስትጠይቀው በመካከል ዳኛ አድርጋዋለች፤ ዳኛም ለራሱ ሊያደላ አይገባውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የሚያድስ ሰው ያደሰውን፦ «ይህን ለውጫለሁ» ይበል፤ ያልለካውንም፦ «ይህን አልለካሁትም» ይበል። ሊጠገን የማይችለውን ለዕቃ መለዋወጫ ፈታትቶ ይሽጥ፤ መከለያው የወለቀውን ድንጋይም መከለያውን ሳይመልስ ለሰው አይስጥ። በልቡ ቢያመነታ ግን ይህን አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፦ «የገዛ ልጄ በዝናብ ቀን በእርጥብ መሬት ቆሞ ይህን መኪና ቢይዝ፥ እኔ በሰላም እተኛለሁን?»

በነፍሳችንም ነገር እንዲሁ ነው። ከውጭ የምንቀባው መልካም ገጽታ ከውስጥ ያለውን ስንጥቅ አይደፍነውም። በንስሐ አባት ፊት ጉድለቱን ገልጦ የሚናገር ይታደሳል፤ የሚሸፍን ግን እንደ ተቀባ ይቀራል። የተሰበረውን ማደስ የሚወድ አምላክ፥ በእጃችን ሥራና በአንደበታችን ቃል እውነተኞች እንድንሆን ይርዳን። አሜን።